ለአክስቴ ቶዮ ያቆምነው ድንጋይ

ማሪሊያ፣ ብራዚል
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1983

ለተከበራችሁት የኡሺማሩ ቤተሰብ፣ ታካያማ

ማን እንደምትጽፍላችሁ ሳታውቁ ወረቀት ስለዘረጋሁባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ስሜ ኔይዴ ነው። የጃፓን ስሜ ሚትሱኤ ቢሆንም በዚህ ስም የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። እናቴ ቶዮ ኡሺማሩ ትባላለች። በ1934 በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከታካያማ ተነሥታ በመርከብ ወደ ብራዚል የመጣች፣ የእንጨት ዕቃ በዛፍ ሙጫ የሚቀባው የቅብ ሠሪው የጊሳቡሮ ኡሺማሩ ታናሽ እህት ናት። አድራሻችሁን የሰጠኝ እዚህ ያለው የአገራችሁ ሰዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው። "ታካያማ ውስጥ ኡሺማሩ የሚባል ቤት ሞልቷል፤ የዕቃ ቅብ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው" አለኝ።

እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዳሌዋን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። የምጽፈውም በፀጉር ጉዳይ ነው፣ እንዳትስቁብኝ። እናቴ እንደምትለው ከመሄዷ በፊት ወገቧን አልፎ ይወርድ የነበረውን ፀጉሯን ወንድሟ ቆርጦ የቅብ ብሩሽ አሠራበት። "እኔ ብራዚል ነኝ፤ ፀጉሬ ግን እስከ ዛሬ ታካያማ ሥራ ላይ ነው" ትላለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፀጉር ስቆርጥና ስጠርግ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሃምሳ ዓመት የሚሠራ ፀጉር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አላምን ስላት "ጻፊና ጠይቂያቸው፤ ከእኔ ምን ያህል እንደቀረ ይንገሩሽ" አለችኝ።

እስከ ዛሬ ለምን አልጻፈችም ብላችሁ እንደምትገረሙ አውቃለሁ። እኔም ጠይቄያት ነበር። ሩዝ ልታጥብ ብድግ አለች።

የማታውቁኝ ዘመዳችሁ
ኔይዴ

ታካያማ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1983
(ተጽፎ ያልተላከ)

ውድ የአክስቴ ልጅ ኔይዴ፣

እኛ ጋ በረዶው ገና ከጣሪያ አልወረደም፤ እናንተ ጋ ሙቀት ነው ይባላል። ሰላምታዬ ብርዱንም ሙቀቱንም አቋርጦ በደህና ያግኝሽ። እኔ የጊሳቡሮ ልጅ ኪኑዮ ነኝ። እናትሽ ስትሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዝላኝ እስከ ቀዩ ድልድይ ድረስ እንደወሰደችኝ ይነግሩኛል እንጂ አላስታውስም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ከገበያ ስመለስ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር በጨው የከተትኩትን ቀይ ፍጅል እሸጣለሁ። "እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው" የሚለው ጋ ስደርስ ከነጫማዬ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከነጫማዬ! ባለቤቴ ሱኤኪቺ አይቶኝ "ምን ሆነሻል፣ ገበያው ተቃጠለ እንዴ?" አለኝ።

ኔይዴ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እኛ እናትሽን ቀብረናታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእሷ የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰን በ1941 ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ እንዳለቀ አባቴ ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቱም ተመለሱ። ከብራዚል የተመለሰ አንድ ሰው "በቡና እርሻው ላይ ስንቱን ወባ ጨርሶታል" አለው። አባቴ ከዚያም በኋላ ዓመታት ጠበቀ። በ1955 ግን "እህቴ ውሃ የሚያፈስላት የሌላት ነፍስ ሆና በሰው አገር ስትንከራተት አልኖርም" ብሎ ወደ መቅደሱ ሄደ። መነኩሴው እንደ ወጉ የሟች ስም አወጡላት፤ ስሙም በቤተሰባችን የመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። እናትሽ ከአያቶቻችንና ከቅድመ አያቶቻችን አጠገብ ተጻፈች ማለት ነው። አጥንት ስለሌለ ከድንጋዩ ሥር በሚቀመጠው የአጥንት ማሰሮ ውስጥ ምን ይግባ ተባለ። አባቴ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባና ያንን ብሩሽ ይዞ ወጣ። ከአካሏ እኛ ዘንድ የቀረ ሌላ ነገር አልነበረም።

እና የእናትሽ ፀጉር ሥራ ላይ አይደለም። ድንጋይ ሥር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየኦገስቱ የሙታን በዓል ሩዝና አበባ እናቀርብላታለን፣ እኔም እንደ ሞኝ የቤቴን ወሬ ሁሉ አወራላታለሁ።

ሱኤኪቺ አሁን በትከሻዬ ላይ አንብቦ ጨረሰ።

"ይህን ልትልኪው ነው?"

"እውነቱ ነው።"

"እውነቱ አሮጊቷን ቀጥ ያደርጋታል። አንዴ የቀበራችኋት አይበቃም?"

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ታካያማ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1983

ውድ የአክስቴ ልጅ ኔይዴ፣

በረዶው ከጣሪያችን ገና አልወረደም፤ ሰላምታዬ ግን በረዶ የሚያቆመው አይደለም። አንቺ፣ ቤትሽ፣ ከሁሉም በላይ አክስቴ ቶዮ እንዴት ናችሁ? እኔ የጊሳቡሮ ልጅ ኪኑዮ ነኝ። ከእንግዲህ "እናንተ" እያልሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ከሥጋዬ የሆነች ሴት እንዲህ ስትለኝ ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

አክስቴ መኖሯን ስንሰማ የተሰማን ደስታ በወረቀት አያልቅም። ሱኤኪቺ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ እንኳ በጠዋት ሁለት ስኒ የሩዝ ጠጅ ጠጣ። እሱ እዚህ ቤት በልጅነቱ ሙያ ሊማር የመጣ፣ ኋላ እኔን አግብቶ የቤታችንን ስም የወሰደ ሰው ነው። አባቴ በ1971 ዐርፏል። ይህን ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።

የብሩሹ ነገር እውነት ነው። ፀጉሩ እንደምታስቢው እጀታ ጫፍ ላይ የተተከለ አይደለም። እንደ እርሳስ ነው። በሁለት ስስ እንጨት መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጣብቆ ይተኛል። አፉ ሲያልቅ እንጨቱን ትቀርጪዋለሽ፣ አዲስ ፀጉር ብቅ ይላል። አንድ ብሩሽ የአንድ ሰው ዕድሜ ይሠራል። የሚፈለገውም የሴት ፀጉር ነው፣ ያውም ቀጥ ያለና ቅባት ያልለመደ። "የፈረስም ሞክረናል፤ ፈረስ ትዕግሥት የለውም" ይላል ሱኤኪቺ።

ብሩሹ ደህና ነው። አራት ጣት ያህል ቀርቶታል።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።
ኪኑዮ

ማሪሊያ
ኤፕሪል 3 ቀን 1983

ውድ እህቴ ኪኑዮ፣

እንደምን ከርመሻል? ጋሽ ሱኤኪቺስ? ይኸው አንቺ አልኩሽ። እኛ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለእናቴ ሦስት ጊዜ አንብቤላታለሁ። መነጽሯን አድርጋ ራሷ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ሰው ሲያነብላት ነው የምትወደው። የወንድሟን ዕረፍት ስነግራት መጥረጊያ አንሥታ የተጠረገ ግቢ ስትጠርግ ዋለች። የብሩሹን ስትሰማ ግን ፊቷ በራ። "አራት ጣት ብቻ? ጊሳቡሮ ሲያባክነኝ ነው የኖረው" አለች። አሁን ለደንበኛ ሁሉ የምታወራው እሱን ነው። የፀጉር ማድረቂያው ሥር የተቀመጠችውን ሁሉ "አንቺ ፀጉርሽ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው፤ የእኔ ባለሙያ ነው" ትላታለች።

ሦስት ነገር እንድጠይቅሽ አዝዛኛለች። አንደኛ፣ በዚያ ብሩሽ የተቀባ ነገር፣ ትንሽ ዝርግ ሳህን እንኳ ቢሆን ላኩልኝ ብላለች። ሁለተኛ፣ በከተማው በዓል የሚጎተቱት ያጌጡ ጋሪዎች ዛሬም አንዲት የዝናብ ጠብታ ከጣለች ከቤታቸው አይወጡም ወይ? ሦስተኛውን የጠየቀችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። "ወንድሜ ስለ እኔ የተናገረው ነገር ካለ ይጻፉልኝ" አለች።

አሁን ትልቁ ዜና። ማኅበራችን በኦገስት የጃፓን ጉዞ አዘጋጅቷል፣ እኔም ተመዝግቤያለሁ። እናቴ በዳሌዋ ምክንያት አትችልም። "ለሙታን በዓል ድረሺ፤ የአባቴንና የእናቴን መቃብር በእጅሽ እጠቢልኝ" ብላኛለች። የእናንተን ከተማ፣ የሥራ ክፍሉን፣ ብሩሹን ለማየት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ናፋቂሽ
ኔይዴ

ታካያማ
ሜይ 1 ቀን 1983

ውድ እህቴ ኔይዴ፣

የተራራው ቼሪ አብቦ ረገፈ፤ እናንተ እንዴት ናችሁ? አክስቴ ዳሌዋን ሞቅ ባለ ነገር ትያዘው።

መምጣትሽን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ግን ኦገስት? ኦገስት እኮ ሙቀቱ አይቻልም፣ ዝንቡ ሌላ፣ ሰዉ ሁሉ ለበዓል ወደየትውልድ ቦታው ስለሚመለስ ባቡር ውስጥ መቆሚያ የለም። ለምን በሚቀጥለው ኤፕሪል አትመጪም? ጋሪዎቹን ታያለሽ። አዎ፣ አንዲት ጠብታ ከጣለች ዛሬም አይወጡም። ያ ሁሉ ጥልፍና ወርቅ ከሚረጥብ እንግዳ ቢያዝን ይሻላል። ደግሞ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። የሥራ ክፍሉም ቢሆን ለእንግዳ አይሆንም። ይህ ቅብ ሳይደርቅ ከዛፉ እንደወጣ መርዝ ነው፤ ያልለመደ ሰው አጠገቡ ሲደርስ ፊቱ ያብጣል።

ሳህኑን ልኬያለሁ። ሱኤኪቺ ነው የቀባው፣ የእንጨቱ መስመር ከሥሩ እንዲታይ በጠራው ቅብ። በዚያው ብሩሽ ነው።

አባቴን በተመለከተ፣ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ሰላም ሁኑልኝ።
ኪኑዮ

ማሪሊያ
ጁን 5 ቀን 1983

ውድ እህቴ ኪኑዮ፣

በጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ሳህኑ ሳይሰበር ደርሷል። ማር የፈሰሰበት ይመስላል፤ እንጨቱ ከሥሩ ሲታይ እጄን ልከተው ነበር።

እናቴ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ዳር ዳሩን ሄደችበት። ከዚያ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "ጥሩ እጅ ነው። ግን ይህ የእኔ ፀጉር አይደለም።"

"እማዬ፣ በጣት ይታወቃል?" አልኳት።

"የእኔ ፀጉር ደንዳና ነበር። እናቴ ስታበጥረኝ ማበጠሪያ ትሰብር ነበር። ይህ የሌላ ሴት ነው።"

እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። እሷ ግን ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

በማግሥቱ ሩዝ እያጠበች ሳልጠይቃት አወራችልኝ። ስትሄድ ለወንድሟ "በአምስት ዓመት ሀብታም ሆኜ እመጣለሁ፤ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ አዲስ የሥራ ክፍል አሠራልሃለሁ" ብላው ነበር። አምስት ዓመቱ አለፈ፣ አሥር ዓመቱም አለፈ፤ አባቴ ሞተ፣ ከእርሻ እርሻ ዞርን። "ባዶ እጅ ምን ተብሎ ይጻፋል?" አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ "ወንድሜ እስኪሞት እንደተቀየመኝ አውቃለሁ። ባይሆንማ ኪኑዮ የተናገረውን አንዲት ቃል ትጽፍልኝ ነበር። 'ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም' ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም።"

ኪኑዮ፣ እውነት ተቀይሟት ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።

ትኬቴን ቆርጫለሁ። ናዳም ቢኖር፣ ፊቴም ቢያብጥ ኦገስት 12 ታካያማ ጣቢያ እወርዳለሁ።

ኔይዴ

ታካያማ
ጁላይ 2 ቀን 1983
በፀጉር ቤቱ አድራሻ፤ ለኔይዴ ብቻ

ውድ እህቴ ኔይዴ፣

ይህን ደብዳቤ ለአክስቴ አታንብቢላት። አንቺ መጀመሪያ ብቻሽን አንብበሽ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቼሻለሁ። ናዳ የለም። መንገዱ ላይ ትናንት ሕፃናት በብስክሌት ሲወርዱ አይቻለሁ። ሳህኑም በሌላ ብሩሽ ነው የተቀባው፤ ጣቷ አልተሳሳተም። ሱኤኪቺ ይህን ሲሰማ የያዘውን አስቀምጦ "ሠላሳ ዓመት ሠርቼ በአንድ አሮጊት ጣት ተያዝኩ" አለ። ደስ ያለው ይመስላል።

እውነቱ ይኸውልሽ። ሞታለች ብለን በ1955 ቀብረናታል። የሟች ስሟ በቤተሰባችን ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በአጥንት ፋንታ የገባው ብሩሹ ነው። በኦገስት አትምጪ ያልኩሽ፣ መቃብሩን ልታጥቢ ስትጎነበሺ የእናትሽን ስም እንዳታይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ መነኩሴው ሄጄ ስሙን አስፍቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ በሕይወታቸው ያወጡት የመጀመሪያው የሟች ስም የእሷ ነው።

"ሃያ ስምንት ዓመት ስጸልይ የኖርኩት ለማን ነበር ማለት ነው?" አሉኝ።

"ለእሷ ነዋ፣ አባ።"

"ታዲያ መች ከፋት? ስድሳ ስምንት ዓመት ገብታለች አላልሽም?" ሳቁና ከዚያ ደግሞ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። "ድንጋይ የሚፍቅ ጠራቢ ሞልቷል። የአንቺን ውሸት የሚፍቅልሽ ግን የለም። መጀመሪያ እሱን ፍቂ።"

የጠየቅሽኝ ስለ አባቴ ነው። የተናገረውን ያልጻፍኩት፣ የተናገረው መቃብሩ ላይ ስለሆነ ነው። የተቀየመ ከመሰላት ግን ልናገረው ይገባል። ለቅብ ሠሪ ብሩሹ እጁ ነው። ከነበሩት ብሩሾች ሁሉ ይመርጥ የነበረው ያንን ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው እንኳ አይፈቅድም። ማሰሮው ውስጥ ሊያስገባው ሲል ሱኤኪቺ "ጌታዬ፣ ይህ ገና ሃያ ዓመት ይሠራልዎታል፤ ያረጀ ብሩሽ እናስገባ" አለው። አባቴ "እሷን ትቼ ሌላ ሴት ልቅበር?" አለና ራሱ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁ ሥራ እምቢ አለው። የቀባውን መልሶ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ይፍቃል። ስለ ሥራ ክፍሉም፣ ስለ አምስት ዓመቱም አንዲት ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ይኸው ነው። መንገርም መደበቅም በእጅሽ ነው። እንዴት እንደምቀበልሽ አላውቅም፣ ግን ነይ።

ኪኑዮ

ማሪሊያ
ጁላይ 19 ቀን 1983

ውድ እህቴ ኪኑዮ፣

ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ልንገርሽ። ደብዳቤሽን የከፈተችው እናቴ ናት።

እኔ የሙሽራ ፀጉር ይዤ ነበር። ፖስተኛው ሲመጣ እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። "ለኔይዴ ብቻ" የሚለውን አይታዋለች፣ ኋላ ጠይቄያታለሁ። "እና ለምን ከፈትሽው?" ስላት "ብቻ የሚል ደብዳቤ ስለ እኔ እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም" አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ ማድረቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ዞር ስል ፊቷ ወረቀት ሆኗል። ሙሽራዋን ግማሽ ራሷን ጠቅልዬ ግማሹን ትቼ ሮጥኩ።

"ምን ሆንሽ፣ እማዬ?"

"ምንም። ሞቻለሁ" አለችኝና ደብዳቤውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሦስት ቀን ሙሉ የተጠረገ ግቢ ስትጠርግ ዋለች። አንቺንም ራሴንም ስረግም ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ ድንገት "'እሷን ትቼ ሌላ ሴት ልቅበር' አለ?" አለችኝ።

"ብሏል። ኪኑዮ ጽፋዋለች።"

"አዎ፣ ጊሳቡሮ ነው እሱ። እንዲህ ነበር የሚናገረው።" ከዚያ አለቀሰች፣ ኪኑዮ። በአርባ አምስት ዓመቴ እናቴ ስታለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ሲሞት እንኳ አላለቀሰችም። ሾርባው ቀዝቅዞ እስኪረጋ አለቀሰችና አፍንጫዋን ጠርጋ ጥያቄ ጀመረች። ስንት ሰው መጣ? ዝናብ ነበር? ምን ዓይነት ስም አወጡልኝ፣ ርካሹን ነው ወይስ ገንዘብ የወጣበትን? ለሃያ ስምንት ዓመት ያቀረባችሁልኝ ሩዝ ውስጥ የጫካ ለውዝ ነበረበት ወይ? አሁን እየሄደች ለደንበኞቼ "የሞተች ሴት አትነክስም፣ አትፍሪኝ" እያለቻቸው ነው፤ ሁለቱ ሸሽተውኛል።

ትእዛዟን ልጻፍልሽ፣ በቃሏ ነው፦ "ስሜን እንዳይፍቁት። ወንድሜ ያስቀረጸው ነው። ብሩሹን ግን ያውጡት። እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ እየሠራሁ ፀጉሬ ለምን ተኝቶ ይበላል?"

በሕይወት ያለች ሴት ስም ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ኦገስት 12 እመጣለሁ።

ኔይዴ

ታካያማ
ኦገስት 17 ቀን 1983

ውድ አክስቴ ቶዮ፣

ይህን ደብዳቤ ኔይዴ በእጇ ይዛልሽ ትመጣለች። አንቺ ልበልሽ ወይስ እርስዎ ብዬ ስጨነቅ አድሬ፣ ድንጋይሽ ፊት ለሃያ ስምንት ዓመት አንቺ ስልሽ መኖሬ ትዝ አለኝ። አሁን ብቀይረው፣ ይቅርታ፣ የማላውቅሽ ሰው ትሆኚብኛለሽ።

በመጀመሪያ ልጅሽ ደህና ናት። ፊቷ ካበጠ አትደንግጪ። አትንኪ እያልኳት የቅቡን ማሰሮ ከፍታ አሸተተችው። ሱኤኪቺ "ለምን አሸተትሽው?" ሲላት "ምን ምን እንደሚል ላውቅ ብዬ" አለችው። ይኸው አሁን ምን እንደሚል ፊቷ ያውቃል። እየቀለላት ነው። ጣቢያ ላይ እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሣ እሷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀጥላ ሱኤኪቺን አቀፈችው፤ እሱ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስኪያልፍለት ጠበቀ። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ "ባልሽን ያቀፈችው ማን ናት?" ሲለኝ ዋለ፤ ፍጅሉም ቶሎ አለቀልኝ።

በ13 ጠዋት ወደ መቃብሩ ወጣን። ኔይዴ የአያቶቻችንን ድንጋይ በእጇ አጠበች፣ እንዳዘዝሻት። ስምሽ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ እንደ ሕፃን ፊት በቀስታ አጠበችው። መነኩሴው ጸልየው ሲያበቁ ሱኤኪቺ የሥሩን ድንጋይ ገፋ አድርጎ ማሰሮውን አወጣ። አባቴ የጠቀለለበት ጨርቅ እንደ ትቢያ ረገፈ። ብሩሹ ግን ደህና ነበር። አፉ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሱኤኪቺ እዚያው ተንበርክኮ በቢላ የእንጨቱን ጫፍ ቀረጸና የደረቀውን ቆርጦ ጣለው፤ ከሥሩ አዲሱ ፀጉር ወጣ። ጥቁር ነው፣ አክስቴ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፀጉር። ኔይዴ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸችው፣ "ደንዳና" አለችና እንባዋን መጥረግ አቃታት። ለካሁት፤ ስድስት ጣት ይሆናል። እኔ አራት ብዬሽ ነበር። በውሸቴ እንኳ ሰስቼብሻለሁ።

ስምሽን ደግሞ እንዲህ አደረግነው። መነኩሴው "በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ድንጋይ ላይ ካለ ቀይ ይሞላበታል፤ ባሏ የሞተባት ሚስት የራሷን ቀድማ ስታስቀርጽ እንደሚደረገው ነው" አሉ። እኔ ይህን ሳላውቀው ቀርቼ መሰለሽ? በየዓመቱ በየድንጋዩ ላይ አየዋለሁ። ድንጋጤ ያስረሳውን ነገር ማን ይቁጠረው።

ድንጋይ ጠራቢው ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይሸጣል። እኔም ልገዛ ቦርሳዬን ስከፍት ሱኤኪቺ "የአክስቴን ስም በቆርቆሮ ቀለም?" ብሎ አፈጠጠብኝ። ቀዩን ዱቄት ከቅቡ ጋር ለውሶ፣ በራስሽ ፀጉር፣ ፊደል በፊደል ሞላው። ስድስት ፊደል ነው። ትርጉሙ "ከባሕር ማዶ የምታበራ" እንደ ማለት ነው። መነኩሴው ርካሽ እንዳልሆነ ንገሯት ብለዋል። ቅብ የሚደርቀው በእርጥበት ነውና ውሃ ውስጥ የነከርነውን ጨርቅ ሣጥን ውስጥ አድርገን ሣጥኑን ስሙ ላይ ደፍተንበት እዚያው ጥላ ሥር ምሳ በላን። አዎ፣ ሩዙ የጫካ ለውዝ ነበረበት።

ለዘመዶቿ አበባ ልታኖር የመጣች የሰፈራችን አሮጊት ሣጥኑን አንሥተን ቀዩን ስታይ ቆመች።

"ማን ነው የተነሣው?"

"አክስታችን" አላት ሱኤኪቺ።

"መቼ?"

"በፌብሩዋሪ።"

"ጥሩ ጊዜ ነው የተነሣችው፤ ከዚህ ሙቀት ይሻላል" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ አባቴ በሕይወት ቢኖር እሱ ይለምንሽ ነበር። የእኛ ቅብ ዝናብ ይችላል፣ ፀሐይ ግን አይችልም። ውጭ ሲውል ከዓመት በላይ አይቆይም፤ ይደበዝዛል። ይህን ለሱኤኪቺ ስነግረው "እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የቀባሁት?" አለኝ። በየኦገስቱ ሊያድሰው ነው የፈለገው። ግን ባለፈው ጊዜ ያለ ወሬ ተቀምጠን ምን እንዳደረግን አይተሻል፤ ከእንግዲህ በግምት አንቀባም፣ በግምትም አንተውም።

ስለዚህ በየዓመቱ ከኦገስት በፊት አንድ ወረቀት ላኪልን። ረጅም መሆን የለበትም። "አለሁ" ካልሽ እሱ ዱቄቱን መለወስ ይጀምራል። ሳንቲም አትላኪ፣ ስጦታ አትላኪ፣ የሠራሽውንም ያልሠራሽውንም አትቁጠሪ። ባዶ እጅሽን ጻፊልን።

የወንድምሽ ልጅ
ኪኑዮ